የጂንካው የምርምር ማዕከል ሥራዎች ለጤና ባለሙያው ምን ይሰጣሉ? (ሂሳዊ ዳሰሳ)

መግቢያ

ከኮንሶ ተነሥቶ የወይጦን ሸለቆ አቋርጦ የሚመጣው መንገድ ቀይ አፈር ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጂንካ ሲያቀና ሌላው ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ ይወርዳል። የበና ጸማይ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች አነስተኛ ከተማ ሐሙስ ሐሙስ በሚቆመው ገበያዋ ትታወቃለች። በዕለቱ በናው፣ ጸማዩ፣ አሪውና ሐመሩ ከየአቅጣጫው ይገናኙባታል። ለገበያ የወጣ ሰው የታመመ ልጁን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ጎራ ለማለት የሚመቸውም ይኸው ቀን ነው። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ የጤና ባለሙያ በአንድ ማለዳ ሦስትና አራት ቋንቋ የሚናገሩ ሕሙማን ይገጥሙታል። የወባ መመርመሪያና መድኃኒት በእጁ ሊኖረው ይችላል። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ሕመምን እንዴት እንደሚረዳ፣ ስለ ምን እንደሚያፍርና በቤቱ የመወሰን ሥልጣን የማን እንደሆነ የሚያስረዳው መጽሐፍ ግን በጠረጴዛው ላይ አይገኝም።

እንዲህ ያለው ዕውቀት ፈጽሞ የለም እንዳይባል ለዐሥርተ ዓመታት ሲሰበሰብ ኖሯል። ከተሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዱም ከቀይ አፈር ብዙ ሳይርቅ ጂንካ ላይ የሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ነው። የዚህ ዳሰሳ ዓላማ በማዕከሉ መሥራቾችና ከእርሱ ጋር በቅርብ በሠሩ ተመራማሪዎች የቀረቡ ዋና ዋና ሥራዎችን በጤና ባለሙያ ዓይን መመዘን ነው። የሥራዎቹ ሥነ ሰባዊ ዋጋ በሙያው ሰዎች ብዙ የተባለለት በመሆኑ እዚህ አይደገምም። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካም ለሕሙሙና ለሐኪሙ ምን ፈየደ? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሥራዎቹ ዓይነትና ስፋት

ማዕከሉ የተመሠረተው በ1990ዎቹ ሲሆን ለትርፍ ያልቆመ የምርምርና የሙዚየም ተቋም ነው። ሐሳቡን ያመነጩትና የገነቡት ከ1970 ጀምሮ በሐመር ምድር የኖሩትና ያጠኑት ጀርመናዊው የሥነ ሰብ ሊቅ ኢቮ ሽትሬከርና እንግሊዛዊቷ ባለቤታቸው ጂን ሊዳል ናቸው። ከጀርመኑ የማይንዝ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣት ተመራማሪዎችም ማዕከሉን መነሻቸው አድርገው በየማኅበረሰቡ ተሰማርተዋል።

የሥራው ዓይነት ብዙ ነው። ከማዕከሉ መመሥረት በፊት በ1979 የታተመው ባለ ሦስት ቅጽ የሐመር ጥናት የሁሉም መሠረት ነው። ሽትሬከር በዚያው ዓመት ስለ ከብት ዝላይ ሥርዓት ያዘጋጁት ፊልም አለ። ሊዳል ከቢቢሲዋ የፊልም አዘጋጅ ጆአና ሄድ ጋር በ1990፣ በ1991 እና በ1994 ስለ ሐመር ሴቶች ያቀረቧቸው ሦስት ፊልሞችም አሉ። ከልጃቸው ከካይራ ሽትሬከር ጋር የሠሩት «የዱካ አጣብቂኝ» ደግሞ በ2001 ወጥቷል። በ2006 ሽትሬከርና ሊዳል ያሰናዱት፣ በአማርኛ «የክብረ ገጽ አደጋዎች» ሊባል የሚችል የጥናቶች መድበል ታተመ። በ2010 ኤኪ ጋበርትና ሶፊያ ቱቦቪል በደቡብ ኢትዮጵያ ስላለው የባህል ጉርብትና «ከሌሎች ጋር መኖር» የሚል መድበል አሳተሙ። በዚያው ዓመት ሱዛነ ኤፕለ ስለ ባሻዳ፣ ቱቦቪል ስለ ማሌ ሴቶች የሕይወት ጉዞ ጽፈዋል። ሹና ላቶስኪ በ2013 ስለ ሙርሲ ሴቶች፣ ፊሊክስ ጊርከም በ2018 ስለ ካራ ያሳተሟቸው መጻሕፍት የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። በዚህ ላይ የሙዚየሙ ዐውደ ርእይና የአካባቢውን ሴቶች ከየማኅበረሰቡ ጠርቶ ያወያየው የሴቶች ዐውደ ጥናት ይታከላሉ።

በአንድ የገጠር አካባቢ ላይ ይህን ያህል የተለያየ ሥራ፣ ያውም አንዱ የሌላውን እየደገፈ ሲወጣ ማየት በአገራችን የተለመደ አይደለም። ይህ በራሱ ምስጋና የሚገባው ነው።

የባለቤቱ ቃል

ከሥራዎቹ ሁሉ ለሐኪም ጆሮ የሚቀርበው የ1979ኙ ጥናት ሁለተኛ ቅጽ ነው። «ባልዳምቤ ያስረዳል» የሚል ርዕስ ያለው ይህ መጽሐፍ ባልዳምቤ የተባሉት የሐመር ሽማግሌ ስለ ሕዝባቸው ኑሮ በራሳቸው ቅደም ተከተልና አነጋገር የተናገሩትን ይዞ የቀረበ ነው። ተመራማሪዎቹ የሽማግሌውን ቃል በራሳቸው ማብራሪያ ውስጥ በትነው አልጨረሱትም። ራሱን አስችለው አቆሙት። ሦስተኛው ቅጽም በዳምባይቲ መንደር የተደረጉ ጭውውቶችን ይዟል።

የሕክምና ተማሪ በመጀመሪያዎቹ የተግባር ዓመታቱ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የሕሙሙን ዋና ቅሬታ በሕሙሙ ቃል መመዝገብ ነው። ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ ካለፉ በኋላ ግን መዝገቡ ላይ የሚቀረው የሐኪሙ ቃል ብቻ ይሆናል። ሕሙሙ «ሆዴ ውስጥ የሚዞር ነገር አለ» ሲል ሐኪሙ «የሆድ ሕመም» ብሎ ይጽፋል። ሕሙሙ የነገሩን አመጣጥ፣ ቅደም ተከተሉንና የጠረጠረውን ምክንያት በዝርዝር ሲናገር ያ ሁሉ በሁለት ቃል ይታጠፋል። አስተርጓሚ በመካከል ሲገባ ደግሞ የሚታጠፈው እጥፍ ይሆናል። የባልዳምቤ መጽሐፍ ለጤና ባለሙያው የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሳይቋረጥ እንዲናገር ጊዜ ቢሰጠው ነገሩን በሥርዓት የሚያስረዳ፣ ምክንያትና ውጤትን የሚያያይዝ አዋቂ ሆኖ ይገኛል። «ታሪክ መስጠት የማይችል» የሚለው የተለመደ ማስታወሻ አብዛኛውን ጊዜ የጠያቂውን ድክመት የሚመዘግብ መሆኑን መጽሐፉ ሳይናገር ያሳያል።

ፊልሞቹም በዚሁ መንገድ የተጓዙ ናቸው። በተለይ «የዱካ አጣብቂኝ» ለአዋላጅ ነርሶች ሥልጠና ቢውል ከብዙ የመማሪያ ጽሑፍ የበለጠ ያስተምራል። ዱካ የልጆች እናት ናት። ባሏ ሳጎ ሁለተኛ ሚስት አግብቷል። ያገባው እኔ ታማሚ ስለሆንሁ ይሆን? ስላረጀሁ ይሆን? እያለች ትብሰለሰላለች። የፊልሙ ከፍተኛ ነጥብ የሁለተኛዋ ሚስት ምጥና ወሊድ ሲሆን ወሊዱን ተከትሎ በባልና በእናቱ መካከል ክርክር ይነሣል። ከዚያም ዕርቅ ይመጣል።

የጤና ባለሙያ ይህን ፊልም ሲያይ ሁለት ነገር ይገነዘባል። አንደኛ፣ የሴት ሕመም በቤት ውስጥ ካላት ስፍራ ተነጥሎ የማይታይ መሆኑን ነው። ደጋግማ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ፣ ምርመራዋም ምንም የማያሳይ ሴት የምትፈራው በሽታውን ላይሆን፣ በሽታው የሚያሳጣትን ቦታ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ወሊድ የእናቲቱ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ነው። አማቲቱ፣ ባሉና ጣውንቲቱ ሁሉ በየፊናቸው ድርሻ አላቸው። «በጤና ተቋም ውለዱ» የሚለው ምክር ለነፍሰ ጡሯ ብቻ ሲነገር ውሳኔው በእጇ ለሌላት ሰው እንደተነገረ ይቆጠራል።

ክብርና ይሉኝታ

የ2006ቱ መድበል ማጠንጠኛ ሰው በሌላው ዘንድ ያለው ገጽ፣ ማለትም ክብሩ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። «ፊት ነሳኝ»፣ «አንገቴን አስደፋኝ» የሚሉት አባባሎችና «ይሉኝታ» የሚለው ቃል ነገሩን አስቀድመው ይዘውታል። መድበሉ የሚያክለው ቁም ነገር ይህ ስሜት የተለያየ ባህል ያላቸው ሰዎች ሲገናኙ እጅግ የሚያይል መሆኑን ነው። አንዱ ክብሬ የሚለውን ሌላው ነውር ሲለው የሚቆስል ሰው አለ።

የላቶስኪ ምዕራፍ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስለ ሙርሲ ሴቶች የከንፈር ገል የሚናገረው ይህ ጽሑፍ ገሉን የመገለልም፣ የራስ ክብርም ምንጭ አድርጎ ያቀርበዋል። ለሙርሲዋ ልጃገረድ ለአቅመ ሔዋን የመድረስና የመኩራት ምልክት የሆነው ነገር በከተማ ሰው፣ በባለሥልጣንና በጎብኚ ዓይን ፊት ሲቀርብ የኋላ ቀርነት መታያ ይሆናል። ሴቲቱ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ቆማ ትቀራለች።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንድ የጤና ተቋምን የዘወትር ውሎ ማሰብ ይቻላል። ዋና ሕመሟ ትኩሳትና ሳል የሆነ ሙርሲ ሴት መጥታ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከንፈርሽን ለምን ተተለተልሽ?» የሚል ቢሆን የቀረው ታሪክ በዚያው ይዘጋል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ጥፋቱን በደባቂው ላይ ይጥላል። የጂንካው መድበል ግን ሌላ ጥያቄ እንድንጠይቅ ያስገድዳል፤ እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው? ከንፈሯን በቀዶ ሕክምና ለማስጠገን የምትመጣም፣ ገሏን አስቀምጣ ስለ ወባዋ ብቻ የምትናገርም እኩል አክብሮት ይገባቸዋል። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕሙሙ ለሁለተኛ ጊዜ መምጣቱንና አለመምጣቱን የሚወስን፣ በዚህም የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናን ማስጨረስና አለማስጨረስን የሚወስን የሕክምና ጉዳይ ነው።

«ከሌሎች ጋር መኖር» የተባለው መድበል ደግሞ ማኅበረሰቦቹ በጋብቻ፣ በገበያ፣ በወዳጅነትና በግጭት የተሳሰሩ ጎረቤቶች መሆናቸውን ያስረዳል። ይህ ለበሽታ ቁጥጥር ባለሙያ የቀይ አፈርን ሐሙስ ገበያ ትርጉም ይሰጠዋል። የክትባት ዕቅድ በወረዳ ድንበር ይሠራል። ሰውና ከብት ግን በጉርብትና መስመር ይሄዳሉ። ኩፍኝ የሚከተለው የኋለኛውን ነው።

የጎደለው

ምስጋናው ይህን ያህል ከሆነ ወቀሳውም በልኩ መቅረብ አለበት።

የመጀመሪያው ወቀሳ የቋንቋና የተደራሽነት ነው። የ1979ኙ ሦስት ቅጽ በጀርመን አገር በእንግሊዝኛ ታተመ። የኤፕለና የላቶስኪ መጻሕፍት የወጡት ከኮሎኝ ነው። የቱቦቪል የማሌ ሴቶች ጥናት በጀርመንኛ ተጻፈ። የጊርከ መጽሐፍ በኒው ዮርክና በኦክስፎርድ አሳታሚ በኩል ወጣ። የእነዚህ መጻሕፍት አንባቢ በፍራንክፈርት ወይም በኪዮቶ የሚገኝ የሙያ ባልደረባ ነው። ቀይ አፈር ላይ ያለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በአንባቢነት የታሰበች አትመስልም። ዕውቀቱ የተገኘው ከበናው፣ ከሐመሩና ከሙርሲው አፍ ነው። የተመለሰው ግን አገልጋዮቻቸው በማያነቡት ቋንቋና በማይችሉት ዋጋ ነው። ሙዚየሙና የሴቶች ዐውደ ጥናቱ ይህን ክፍተት ለማጥበብ የተደረጉ በጎ ጥረቶች መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ሙዚየም የሚጎበኝ ነው፤ ተራ ሲበዛ ከመሳቢያ ተስቦ የሚታይ አይደለም።

ሁለተኛው ወቀሳ የትኩረት ነው። በእነዚህ ሥራዎች ሰው ሲዘል፣ ሲጋባ፣ ሲመርቅ፣ ሲከራከርና ሲያጌጥ በብዛት ይታያል። በተቅማጥ ሲደክም፣ በወባ ሲንቀጠቀጥ፣ በትራኮማ ዓይኑ ሲጠፋ ግን የዚያን ያህል አይታይም። ሕመም ሲነሣም በአብዛኛው የሌላ ጉዳይ መግቢያ ሆኖ ነው። ለጤና ቀጥተኛ ከሆኑት ሥራዎች ውስጥ ሊዳል በ2000 በአንድ የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጡት በደቡብ ኦሞ የኤችአይቪ/ኤድስ ወረርሽኝ ሥጋትን የሚመለከት ጽሑፍ ይጠቀሳል። ወረርሽኙ ሥጋት በነበረበት ሰዓት ስለ ሥጋቱ መጻፉ አርቆ አሳቢነት ነው። በዚያ ፈለግ ስለ ወባ፣ ስለ ነቀርሳና ስለ እናቶች ሞት ተከታታይ ሥራ ቢወጣ ኖሮ የማዕከሉ መልክ ዛሬ ሌላ በሆነ ነበር።

ሦስተኛውና ከባዱ ወቀሳ ሥነ ሰብ ከሕክምና የሚለይበትን ድንበር ይነካል። በሐመር የከብት ዝላይ ሥርዓት የዘላዩ ዘመድ የሆኑ ሴቶች በፈቃዳቸው፣ አንዳንዴም እየለመኑ ይገረፋሉ። ጥናቶቹ እንደሚያስረዱት በጀርባቸው የሚቀረው ጠባሳ ለወንድማቸው የከፈሉት ዋጋ ምስክር፣ ነገ በችግራቸው ቀን የሚጠይቁት ውለታም ነው። ማብራሪያው አሳማኝ ነው። የሴቲቱን ድርጊት ከእብደት ወይም ከጭቆና ብቻ አውጥቶ ምክንያት ይሰጠዋል። የሐኪሙ ሥራ ግን ማብራሪያው ባለቀበት ይጀምራል። ክፍት ቁስል አለ። የመንጋጋ ቆልፍና በደም የሚተላለፉ በሽታዎች ሥጋት አለ። ሴቲቱ ነፍሰ ጡር ልትሆን ትችላለች። ተመራማሪ «ትርጉሙ ይህ ነው» ብሎ መጽሐፉን መዝጋት ይችላል፤ ሐኪም ግን አይችልም።

የሚንጊ ጉዳይ ከዚህ የከበደ ነው። በሐመር፣ በበናና በካራ ዘንድ ተገቢው ሥርዓት ሳይፈጸም የተፀነሰ ወይም የላይኛው ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ለማኅበረሰቡ መዓት ያመጣል ተብሎ ይጣል ነበር። የካራ ማኅበረሰብ ልማዱን ማስቀረቱን በ2012 በይፋ ዐውጇል። የልማዱን ውስጣዊ ምክንያት ማወቅ ለጤና ባለሙያው እጅግ ያስፈልገዋል። የሕፃናት ክትባትና ክብደት በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ የትኛው ጥርስ ቀድሞ እንደወጣ የምታየው የመጀመሪያዋ የውጭ ሰው ነርሷ ልትሆን ትችላለችና። እርግዝናዋን የምትደብቅ ወጣትም የምትደብቅበት ምክንያት ሊኖራት ይችላል። ይሁንና በዚህ ስፍራ መረዳት የመጨረሻ ግብ ሊሆን አይችልም። ሕፃኑ መዳን አለበት። ለባህል ያላቸው አክብሮት የጂንካው ሥራዎች ትልቁ ሀብት ነው። ያ አክብሮት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚገባ ግን ሥራዎቹ ለጤና ባለሙያው በበቂ አይነግሩትም።

ሕክምናውም ከወቀሳ አያመልጥም

እስከዚህ ያለው ፍርድ በአንድ ወገን ብቻ ቢቆም ሚዛኑ የተዛባ ይሆናል። የሕክምና ምርምር በደቡብ ኦሞ ያፈራውም በተመሳሳይ ዓይን መታየት አለበት። ለዚህ የቢጫ ወባ ታሪክ በቂ ነው።

ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በተለይም በኦሞ ተፋሰስ የተነሣው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ ከባዱ ከሚባሉት አንዱ ነው። ወደ 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። በጊዜው በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች ወረርሽኙን አጥንተው በእንሰት ቅጠል ብብት በሚጠራቀም ውኃ የምትራባውን ትንኝ ሚና አሳይተዋል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሽታው በደቡብ ኦሞ ዳግም ብቅ አለ። ከኦክቶበር 2012 እስከ ማርች 2014 ድረስ 165 ተጠርጣሪ ሕሙማንና 62 ሞት ተመዘገበ። ከአምስቱ ሕሙማን አራት ያህሉ የደቡብ አሪ ነዋሪዎች ነበሩ። በሽታው በላቦራቶሪ መረጋገጡ የተገለጸው በሜይ 2013 ሲሆን ከ527,000 በላይ ሰው ለመከተብ የታቀደው ዘመቻ የተጀመረው በጁን 2013 ነው። በመጀመሪያው ተጠርጣሪና በክትባቱ መካከል ከግማሽ ዓመት በላይ አልፏል።

በ2017 በአካባቢው የተካሄደና በ2019 የታተመ ጥናት በ180 ቤቶች ዙሪያ 688 ውኃ የሚቋጥሩ ነገሮችን መረመረ። ትንኟ በብዛት ከተገኘችባቸው የተፈጥሮ ስፍራዎች እንሰት ቀዳሚ ሆነ። ሰው ከሠራቸው ደግሞ ከቤት ውጭ የሚቀመጡ ሸክላዎች ቀዳሚ ሆኑ። ጥናቱ የነዋሪውን ዕውቀትና ልምድ አክሎ መጠየቁ ከቀደሙት ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አሪ ውስጥ በሥነ ሰብ በጥልቀት ከተጠኑት ነገሮች መካከል እንሰትና ሸክላ ይገኙበታል። የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲው ማሳዮሺ ሺጌታ አሪዎች እንሰትን በዓይነት ለይተው እንዴት እንደሚያለሙና እንደሚጠብቁ ከ1980ዎቹ ጀምረው አጥንተዋል። ሌላዋ ጃፓናዊት ተመራማሪ ሞሪዬ ካኔኮ ደግሞ የአሪን ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሙያና ኑሮ ለዓመታት ተከታትለዋል። አንደኛው ወገን እንሰቱ ለባለቤቱ ምን እንደሆነ ያውቃል። ሌላው ወገን በእንሰቱ ብብት ውስጥ ምን እንደሚራባ ያውቃል። «ውኃ የሚቋጥር ዕቃ አስወግዱ» የሚለው የጤና መልእክት አሪ መንደር ሲደርስ ትርጉሙ ይለወጣል። እንሰት የቤቱ ጎተራ ስለሆነ የሚወገድ ነገር አይደለም። ሸክላም በማኅበረሰቡ ዘንድ ከገበሬው ተለይተው የሚታዩ ሴቶች እንጀራ ነው። ምክሩ በዚህ ዕውቀት ሳይታሽ ከቀረበ ሰሚው አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል፤ በዓመቱም «የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ዝቅተኛ ነው» ተብሎ ይጻፋል።

ሐኪሙ ትንኟን ቆጠረ። የሥነ ሰብ ሊቁ ሸክላ ሠሪዋን አወቀ። ሸክላ ሠሪዋ ግን ከሁለቱም ስለ ልጇ ትኩሳት የሚጠቅማትን አንድ ቃል ለመስማት መጠበቅ ነበረባት። የሕክምናው ምርምርም የሚታተመው በእንግሊዝኛ ነው። የሚቆጠረውም ለሙያ ዕድገት ነው። ስለዚህ በቋንቋ ረገድ በጂንካው ማዕከል ላይ የቀረበው ወቀሳ በሕክምናው ላይም ሳይጎድል ይሠራል።

ምን ይደረግ?

ለዚህ ችግር የሚበጁ እርምጃዎች ከባድ ወጪ የሚጠይቁ አይደሉም።

በቅድሚያ፣ ከእነዚህ ሥራዎች ለጤና አገልግሎት የሚጠቅመው ተመርጦ በአማርኛ አነስተኛ የኪስ መጽሐፍ ሊዘጋጅ ይችላል። መጽሐፉ ስለ በና፣ ጸማይ፣ ሐመር፣ አሪ፣ ሙርሲና ሌሎችም ማኅበረሰቦች በየተራ ጥቂት ጥያቄዎችን ቢመልስ ይበቃል። ሕሙምን በምን ስም መጥራት ይገባል? ሴትን በማን ፊት መመርመር አይገባም? ስለ ልጅ ሕክምና የሚወስነው ማን ነው? ሞት እንዴት ይረዳል? ወደ ወረዳው የሚመደብ ባለሙያ ሁሉ ይህን አንብቦ ሥራ ቢጀምር የመጀመሪያ ዓመቱን በስሕተት አያባክንም።

ሁለተኛ፣ ፊልሞቹ በአማርኛ ትርጉም ታጅበው በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ውስጥ ሊታዩ ይገባል። በ2018 ማስተማር የጀመረው የጂንካ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ተፈጥሯዊ ድልድይ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ በአካባቢው የሕክምና ጥናት የሚያካሂድ ሁሉ ውጤቱን በሁለት ገጽ አማርኛ ጠቅልሎ ለማዕከሉና ለየጤና ጣቢያው የማስረከብ ግዴታ ቢጣልበት መልካም ነው። ደም ወይም ቃል የሰጠ ሰው ቢያንስ ምን እንደተገኘ የመስማት መብት አለው። የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች የፈቃድ ቅጽን በሚመረምሩበት ጥንቃቄ ይህንንም ሊጠይቁ ይገባል።

አራተኛ፣ የሥነ ሰብ ተመራማሪዎች ወረርሽኝ ሲነሣ ከምርመራ ቡድኑ ጋር ከመጀመሪያው ቀን አብረው ሊሰለፉ ይገባል። በ2014 በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ወረርሽኝ ጊዜ የቀብር ሥርዓት ጉዳይ ሊፈታ የቻለው ቤተሰቦችን ማዳመጥና ሥርዓታቸውን የሚያውቁ ሰዎችን ማሳተፍ ሲጀመር ነው። ለደቡብ ኦሞ እነዚህን ሰዎች ከሩቅ መጥራት አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና የተመራማሪዎቹ ሥራ በብዛቱ፣ በጥልቀቱና ለሰው በሚሰጠው ክብር ሲመዘን ከፍ ያለ ሥራ ነው። ከባለቤቱ አፍ መስማትን፣ ክብርን እንደ ቁም ነገር መያዝንና ጎረቤትን ከጎረቤቱ ጋር ማየትን ያስተምራል። እነዚህ ሦስቱ በሕክምና ትምህርት ቤት እምብዛም የማይሰጡ ትምህርቶች ናቸው። ድክመቱ ዕውቀቱን ለሚያገለግልበት ሕዝብ ጤና በሚመች ቋንቋና መልክ አለማቅረቡ፣ የታመመውን አካልም በቂ ስፍራ አለመስጠቱ ነው። የሕክምና ምርምሩ በተራው አካሉን ቆጥሮ ሰውየውን ረስቷል።

በመሆኑም ሁለቱ ዕዳቸውን የሚከፍሉት ተቀራርበው ነው። የሚከፈለውም በሌላ ቦታ ሳይሆን ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ሲፈታ፣ የበናዋ እናት የሚያተኩስ ልጇን አዝላ በምትገባበት የጤና ጣቢያ በር ላይ ነው።